ዛር እንደ አስተሳሰብ፣ እንደ ግብረ ገብና እንደ ማኅበራዊ ኑሮ፦ በፎገራ ሜዳና በአካባቢው ለሚያስተምሩ መምህራን የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊና ለም መሬት ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ ያጥለቀልቁታል፤ ሲጎድሉም ደለላቸውን ትተውለት ይሄዳሉ። የወረዳው ዋና ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ ትገኛለች። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ በፎገራ ከብቱ፣ ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዝ እርሻው የታወቀ ነው። ስለ ከብቱ፣ ስለ ሩዙና ስለ ጎርፉ ብዙ ጥናት ተጽፏል። ነዋሪው ስለ ሕመምና ስለ ፈውስ ያለው አስተሳሰብ ግን በትምህርት ቤት በቁም ነገር ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። ከዚህ አስተሳሰብ ክፍሎች አንዱና ዋነኛው የዛር እምነት ነው።

ነገሩ ለመምህር ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንዲት ተማሪ በክፍል ውስጥ ድንገት ራሷን ስታ ወደቀች እንበል። መምህሩ «የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ» ይላል። አባቷ «ጠበል ትጠመቅ» ይላሉ። አያቷ ደግሞ «የያዛት ዛር ነው፤ ስሙንና የሚሻውን ይናገር» ይላሉ። ልጅቱ በጊዜ መድኃኒት ማግኘቷና አለማግኘቷ የሚወሰነው ቤተሰቡ ከሦስቱ የማንን ቃል አምኖ እንደሚቀበል ነው። መምህሩ የአያቲቱን ቃል «ተረት ነው» ብሎ ከናቀው፣ እሳቸውም የእርሱን ቃል የሚሰሙበት ምክንያት አይኖራቸውም።

ይህ ጽሑፍ ዛርን ለማወደስም ሆነ ለማውገዝ የተዘጋጀ አይደለም። ዛር ከሥርዓቱ በስተ ጀርባ ስለ ሰው ማንነት፣ ስለ ግዴታና ስለ አብሮ መኖር የያዘውን ሐሳብ ለማስረዳት ይሞክራል። ልማዱ የሚያስከትለውን ጉዳት ለማስወገድ የሚፈልግ ሁሉ፣ አስቀድሞ ልማዱ ለሰው ምን ሲሰጥ እንደኖረ ማወቅ አለበት የሚለው አሳብ የጽሑፉ መሠረት ነው።

የቮዱ እምነትና የዛር እምነት

ዛርን በሚገባ ለመረዳት ከአገር ውጭ ያለ አንድ ተመሳሳይ እምነት መመልከት ይጠቅማል። ይኸውም በካሪቢያን ባሕር ደሴት የምትገኘው የሃይቲ ሕዝብ እምነት የሆነው ቮዱ ነው። ቃሉ የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ዛሬ ቤኒን ከምትባለው አገር ከፎን ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ ትርጉሙም መንፈስ ማለት ነው። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች የየሕዝባቸውን እምነት ይዘው ሃይቲ ደረሱ። በዚያም እርስ በርሱና ከካቶሊክ ሃይማኖት ሥርዓት ጋር ቀላቅለው ቮዱ የሚባለውን እምነት አቋቋሙ። የሃይቲ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1791 የባሮቹ ዓመፅ የተጠነሰሰው ቧ ካይማን በተባለ ስፍራ በተደረገ የቮዱ ጉባኤ ላይ ነው። ዓመፁም እ.ኤ.አ. በ1804 የሃይቲን ነጻነት አስገኝቷል።

በሲኒማና በርካሽ ልብ ወለድ ቮዱ የጥንቆላና የክፋት ጥበብ ሆኖ ሲቀርብ ኖሯል። በአገሩ የሚኖረው እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተከታዮቹ ከሁሉ በላይ የሆነ አንድ ፈጣሪ መኖሩን ያምናሉ፤ ሉዋ የሚባሉትን መናፍስት «እናገለግላለን» ይላሉ እንጂ እንደ ፈጣሪ አይቆጥሯቸውም። መንፈሱ በሰው ላይ ሲያድር ሰውየው የመንፈሱ «ፈረስ» ይባላል። በገጠሩ የሃይቲ ክፍል ዘመዳሞች በአንድ ግቢ ተሰብስበው የሚኖሩበት፣ የአያቶችን መቃብርና መናፍስት በጋራ የሚያከብሩበት ላኩ የሚባል አደረጃጀት ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም እስካሁን አለ። ገበሬዎቹ እየተጠራሩ በጋራ የሚያርሱበት ኮንቢት የሚባለው ልማድም ከእኛ ደቦና ወንፈል ጋር የሚመሳሰል ነው።

አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ ይህ ሁሉ ለጎንደር አካባቢ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በእኛም ዘንድ ዛር ያደረበት ሰው «የዛሩ ፈረስ» ይባላል። ባለ ዛሮችም አንድ ፈጣሪን የሚያምኑ፣ ራሳቸውን ክርስቲያን ወይም እስላም ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ እምነቶች በቀጥታ የተወራረሱ አይደሉም፤ የበቀሉበትም አፈር የተለያየ ነው። ሆኖም ሁለቱም ሰዎችን ተከትለው በስደትና በባርነት መንገድ ተጉዘዋል። የዛር ሥርዓት በ19ኛው ምዕተ ዓመት በሱዳን፣ በግብፅና በዐረብ አገሮች በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ ብዙ ተመራማሪዎች ወደዚያ ያደረሱት በባርነት የተወሰዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው ብለው ያምናሉ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ ዛር የሚለውን ስም በኩሽ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝቦች ዘንድ ከነበረው የሰማይ አምላክ መጠሪያ ጋር አያይዞታል።

ሁለቱን እምነቶች በዓይኑ ያየ አንድ ጸሐፊም አለ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል ይመራ ከነበረው ከዳካር ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጋር መጥቶ ከ1924 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1925 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጎንደር ቆየ። በዚያም አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ቋንቋውንና ነገሩን እያስረዱት፣ መልካም አየሁ በምትባል ታዋቂ ባለ ዛር ቤት ብዙ ሥርዓት ተመልክቷል። ይኸው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1948 ሃይቲ ሄዶ የቮዱን ሥርዓት አየ። ከአሥር ዓመት በኋላም እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ያዘጋጀውን ጥናት አሳተመ። ከጥናቱ ዋና አሳቦች አንዱ፣ ዛር ያደረበት ሰው ሁኔታ በተንኰል የሚደረግ ማስመሰል ነው ወይም ከሰው ፈቃድ ፈጽሞ የወጣ ነው ብሎ በአንዱ ብቻ መወሰን እንደማይቻልና፣ ሰዎቹ በእውነት የሚኖሩት ትዕይንት መሆኑ ነው።

ዛር ስለ ሰው ምን ይላል?

ስለ ዛር አመጣጥ በስፋት የሚነገረው ትውፊት የሚከተለው ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ከሁሉ ያማሩትን አሥራ አምስቱን በመሣሣት ደበቀቻቸው። ፈጣሪም የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ በግልጽ የታዩት የሰው ዘር አባቶችና እናቶች ሆኑ፤ የተሰወሩት ደግሞ ዛሮች ሆነው በማይታይ ዓለም ይኖራሉ።

ይህ ትውፊት ከሃይማኖት መጻሕፍት የተቀዳ አይደለም። በውስጡ ግን ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ሰውና ዛር የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸው ነው። በዚህ አስተሳሰብ ዛር ከሰው ፈጽሞ የራቀ ባዕድ ጠላት ሳይሆን፣ ድርሻውን የተነፈገና የተከፋ ወንድም ነው። ሁለተኛው፣ ሰውን የሚጎዳው ነገር የሚመነጨው ከተደበቀ ነገር መሆኑ ነው። ሔዋን ልጆቿን የደበቀችው በፍቅር ነበር፤ የተደበቀው ግን ቆይቶ ሕመም ሆኖ ተመለሰ። ስለዚህም የፈውሱ መጀመሪያ የተሰወረውን ስም መግለጥ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ሦስተኛው፣ የሚታየው ዓለም ብቻውን ሙሉ አለመሆኑ ነው።

የዛሮቹ ዓለም የሚታየውን ኅብረተሰብ ይመስላል። በዚያም መኳንንትና አሽከሮች፣ ወታደሮችና ሊቃውንት፣ ክርስቲያኖችና እስላሞች፣ ወንዶችና ሴቶች አሉ። ሰይፉ ጨንገር፣ አዳል ሞቲና ራሄሎ በብዙ ቦታ ስማቸው ከሚነሣ ዛሮች መካከል ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ፉከራና የራሱ ምርጫ አለው። በመሆኑም በአንዲት ሴት ላይ የተለያዩ ዛሮች በየተራ ሲያድሩ፣ ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እንደ ጦር አበጋዝ ትፎክራለች፤ አንድ ጊዜ እንደ ሊቅ ትመክራለች፤ ሌላ ጊዜ እንደ አሽከር ትታዘዛለች። መልካም አየሁ በጎንደር በልዩ ልዩ ዛሮቿ አንደበት ትናገር እንደነበር ሌሪስ በዝርዝር ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው፣ በዛር አስተሳሰብ የሰው ማንነት ወጥና ዝግ ሳይሆን ብዙ ጠባዮች የሚመላለሱበት ቤት መሆኑን ነው። ሰው በዚህ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊያውቅና ሊያስተዳድር ይገባዋል።

ይህ አሳብ በእምነቱ ተከታዮች ዘንድ ብቻ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በዛር ፈጽሞ የማያምን ሰው እንኳ የተቆጣውን ሰው «ዛሩ ተነሣበት» ይላል። ምክንያቱን ሳያውቅ ያልወደደውን ሰው «ውቃቢዬ አልወደደውም» ይላል። ግርማ ሞገሱን ያጣውን «ቆሌው ተገፈፈ» ይለዋል። የተከበሩ ሽማግሌንም «የአገር አድባር» ብሎ ይጠራቸዋል። ውቃቢ፣ ቆሌና አድባር በየፊናቸው የሰውን፣ የቤተሰብንና የስፍራን ጠባቂ መንፈስ የሚያመለክቱ ቃላት ናቸው። እምነቱ ቢላላም ቃላቱ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ የሰውን ውስጣዊ ሁኔታ መግለጫ ሆነው ኖረዋል። የአማርኛ መምህር ከዚህ ብዙ የማስተማሪያ ጉዳይ ሊያገኝ ይችላል።

የውልና የግዴታ ግብረ ገብ

የዛር ሥርዓት ከሌሎች የፈውስ መንገዶች የሚለይበት ዋና ነጥብ፣ መንፈሱን አስወጥቶ ለማባረር ሳይሆን ከእርሱ ጋር ለመስማማት መጣሩ ነው። በጠበል ቦታ መንፈሱ እንዲለቅቅና እንዲሄድ ይገዘታል። በዛር ቤት ግን «ማን ነህ? ከየት መጣህ? ምን ትሻለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። አዋቂው ወይም አዋቂዋ በዕጣን፣ በቡና፣ በከበሮና በጭብጨባ ዛሩን ይጠራሉ። ታማሚዋ ጉሪ የሚባለውን፣ ራስንና ትከሻን በኃይል የማወዛወዝ ሁኔታ ታሳያለች፤ በዚህም ጊዜ ዛሩ በአንደበቷ ይናገራል። የሚሻውም አዲስ ልብስ፣ ጨሌ፣ ሽቶ፣ ወይም መልኩ የተለየ ዶሮ ወይም በግ ሊሆን ይችላል። ድርድር ከተደረገ በኋላ ውል ይታሰራል፤ ግብሩም በየጊዜው ይታደሳል።

ድርድሩን በጥንቃቄ ለተመለከተው በውስጡ የግብረ ገብ ትምህርት አለ። መጀመሪያ፣ የተበደለ ወገን አቤቱታውን እንዲያሰማ ጊዜና ስፍራ ይሰጠዋል። ቀጥሎ ዛሩ ያለ ልክ እንዳይጠይቅ ይለመናል፤ የታማሚዋ አቅም ይነገረዋል፤ ሽማግሌ በነገር መካከል እንደሚገባ አዋቂዋ በመካከል ትገባለች። በመጨረሻም ቃል የገባ ሰው ቃሉን ቢያጥፍ ሕመሙ እንደሚመለስበት ይነገራል። ስለዚህ ሕመም በዚህ አስተሳሰብ የፈረሰ ውል፣ የተረሳ ዕዳ ወይም የተናቀ ዝምድና ምልክት ነው። ጤናም ዕዳን ከፍሎ፣ ዝምድናን አድሶ መኖር ነው። የሃይቲ ሰዎች መናፍስቱን «እናገለግላለን» ሲሉም በአገልግሎትና በውለታ ላይ የቆመውን ይህንኑ የመሰለ ግንኙነት መግለጣቸው ነው።

በእርግጥ ይህ ግብረ ገብ ጉድለት አለው። ዕዳውን የሚወስነው የማይታይ ወገን ስለሆነ፣ በስሙ የሚናገረው ሰው ከልክ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ይህን ከዚህ በታች እንመለከተዋለን።

የዛር ቤት እንደ ማኅበር

ዛር የያዘው ሰው ከአንድ ቀን ሥርዓት በኋላ ድኖ የሚለያይ አይደለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአንድ ማኅበር አባል ይሆናል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሳይመን ሜሲንግ በ1940ዎቹ ዓመታት በጎንደር አካባቢ ጥናት ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዛር ቤት ሰዎች በቡድን የሚታከሙበትና በኅብረተሰቡ ዝቅ ተደርገው የሚታዩ ሰዎች ክብር የሚያገኙበት ስፍራ መሆኑን አስረድቷል። በዛር ቤት ባለጸጋና ድኻ፣ ክርስቲያንና እስላም፣ የጨዋ ልጅና በባርነት የኖረ ሰው ዘር በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር። መክፈል ያልቻለ በጉልበቱ እያገለገለ ይቆያል። አዲስ የመጣውን ታማሚ ቀድሞ ታምሞ የነበረው ያጽናናዋል።

ከአባላቱ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። የዚህ ምክንያት በፎገራ ሜዳ ያለውን የገጠር ኑሮ ለሚያውቅ ሩቅ አይሆንም። ሴቲቱ በልጅነቷ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ በባሏ ዘመዶች መካከል ትኖራለች። ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትፈጫለች፤ ትጋግራለች፤ በሩዝና በጤፍ እርሻም ታርማለች። በክረምት ጎርፉ ሲሞላና መንገዱ ሲዘጋ ከራሷ ዘመዶች ጋር መገናኘት ይበልጥ ይቸግራታል። ድካሟንና ብሶቷን በራሷ ስም ብትናገር «ምላሰኛ» ትባላለች። ዛሯ ሲናገር ግን ባሏም አማቷም ያዳምጣሉ፤ አዲስ ቀሚስም ሆነ ዕረፍት ሲጠይቅ እሺ ይሉታል። እንግሊዛዊው ምሁር አይ. ኤም. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያሉ እምነቶች ድምፅ የተነፈጉ ሰዎች ብሶታቸውን የሚያሰሙበት መንገድ ናቸው ሲል ይህንኑ ማመልከቱ ነው። በሰሜን ሱዳን ገጠር የዛርን ሥርዓት ያጠናችው ጃኒስ ቦዲ በበኩሏ፣ ሥርዓቱ ከብሶት ማሰሚያነት በላይ ሴቶች ስለ ራሳቸው ኑሮ የሚያስቡበትና የሚመራመሩበት መንገድ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው መጽሐፏ አስረድታለች።

ሁለቱ አስተያየቶች አይጣሉም። የዛር ቤት ብሶት የሚሰማበት ሸንጎ፣ የታመመ የሚጠየቅበት ቤት፣ ብቸኛው ወዳጅ የሚያገኝበት ማኅበር ሆኖ አገልግሏል። ይህንን አገልግሎት ሳያዩ ልማዱን ብቻ ማውገዝ፣ ሰዎቹ ለምን ወደዚያ እንደሚሄዱ ሳይረዱ መቅረት ነው።

ጉዳቱና ወሰኑ

ከላይ የተገለጸው ሁሉ ልማዱ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን መሆን የለበትም። ከጉዳቶቹ ሦስቱን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው የሕክምና መዘግየት ነው። የሚጥል በሽታ በየቀኑ በሚዋጥ ርካሽ መድኃኒት በብዙ ታማሚዎች ላይ ሊገታ የሚችል የአንጎል ሕመም ነው። ልጅቱ በዛር ቤት ስትመላለስ ብትቆይ ግን በእሳት ላይ ልትወድቅ ወይም ውኃ ልትቀዳ ሄዳ ልትሰጥም ትችላለች። የሕመምን ትክክለኛ ስም በምርመራ ማወቅ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድን የአካባቢው የቅርብ ታሪክ ያስረዳል። በ1997 ዓ.ም. ከፎገራ በስተ ሰሜን በሚገኘው በሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳት ያለበት ገዳይ ሕመም ሰዎችን ሲጨርስ፣ በመጀመሪያ የታሰበው ወባ ነበር። በደም ምርመራ ካላዛር መሆኑ ሲረጋገጥና በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምናው ሲጀመር ብዙ ሰዎች ከሞት ተርፈዋል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ጥገኛ ሕዋስ የሚያመጣው ስለሆነ፣ ድርድርም ምልጃም አይመልሰውም። የዛር ቤት የተጣላን ሊያስታርቅ፣ የተከፋን ሊያጽናና ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለውን ተውሳክ ግን አያውቀውም።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳት ነው። በየዓመቱ የሚታደሰው ግብር ለድኻ ቤተሰብ ከባድ ሸክም ነው። ለዘር የተቀመጠ እህል ወይም አንዲት ላም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ሦስተኛው የፈቃድ ጉዳት ነው። ሁሉንም ነገር በዛር ማመካኘት የለመደ ሰው የራሱን ጥፋት እንደ ራሱ ጥፋት ላይቆጥረው ይችላል። በዛሩ ስም የሚናገር አዋቂም የታማሚን ጉልበትና ንብረት ያለ ከልካይ ሊበዘብዝ ይችላል።

ይሁን እንጂ ጉዳቱን በኃይል ለማስቀረት የተደረጉ ሙከራዎች ብዙ እንዳልሠሩ ታሪክ ያሳያል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደስክና ዲኖ ይባሉ ለነበሩ መናፍስት ግብር የሚያገቡትን በጽኑ ቅጣት አሳድደዋል። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ሌሪስ በጎንደር የዛር ቤቶችን ሞልተው አገኛቸው። በሃይቲም እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣ ሕግ የቮዱን ሥርዓት ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1941 እና በ1942 ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ድጋፍ ባካሄደችው ዘመቻ ቤተ መቅደሶቹ ፈረሱ፤ ከበሮዎቹም ተቃጠሉ። እምነቱ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት ክልከላውን ሻረ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ መንግሥት ቮዱን እንደ ሃይማኖት ዕውቅና ሰጠው። ከሁለቱም አገሮች የሚገኘው ትምህርት ተመሳሳይ ነው። የሰው ችግር እንዳለ ቆይቶ ችግሩን ያቃልልለት የነበረው ልማድ ብቻ ቢከለከል፣ ልማዱ ተሸሽጎ ይቀጥላል፤ የተሸሸገውን ደግሞ መምከርም ማረምም አይቻልም።

በዚያው ወረዳ የተገኘ ሌላ መልስ

ዛር ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ምሳሌው ከፎገራ ሩቅ አይደለም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በዚሁ በፎገራ ወረዳ ይገኛል። ማኅበረሰቡ በአንድ ፈጣሪ ያምናል፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ የለውም። ሃይማኖት ማለት መልካም ሥራና መልካም ንግግር ነው ብሎ ያስተምራል። ከጎረቤቶቹ በገጠመው ተቃውሞ በደርግ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ተሰድዶ ወደ ቦንጋ አካባቢ ሄዶ ነበር። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ተመልሶ በሽመናና በልዩ ልዩ ሥራ ይተዳደራል።

ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመን የአኗኗሩ ሥርዓት ነው። በአውራ አምባ የወንድና የሴት ሥራ ተብሎ የተለየ የለም፤ ወንዱ ይጋግራል፤ ሴቲቱ ታርሳለች። ስለሆነም ሴት ድካሟን ለመናገር የሌላ አንደበት መዋስ አያስፈልጋትም። ጠዋሪ የሌላቸው አረጋውያን በማኅበረሰቡ መጦሪያ ቤት ይረዳሉ። በባልና ሚስት መካከል ጠብ ሲነሣ በግልጽ ተነጋግረው ይፈታሉ። በዛር ቤት በመናፍስት ስም ይገኙ የነበሩት መደመጥ፣ መታረቅና መረዳዳት በዚህ ስፍራ በሰዎች መካከል በተደረገ ግልጽ ስምምነት ይገኛሉ።

ይህን ስንል ሰው ሁሉ የአውራ አምባን እምነት ይከተል ማለታችን አይደለም። የማኅበረሰቡ ምሳሌነት ዛር ያመለከታቸው ፍላጎቶች እውነተኛ መሆናቸውንና፣ በሌላ መንገድም መልስ ሊያገኙ እንደሚችሉ በማሳየቱ ላይ ነው። በየገጠሩ ያሉት እድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴና ደቦም በዚሁ ረገድ ትልቅ አቅም አላቸው።

ለመምህራን የሚቀርብ አሳብ

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት መምህር በሥራው ሊያደርጋቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እናመልክት።

1. ተማሪዎች ስለ ዛር፣ ስለ ቆሌና ስለ አድባር ከአያቶቻቸው የሰሙትን ያለ ፍርሃት በክፍል እንዲናገሩ ማድረግ። በቤት የሚሰማው ነገር በትምህርት ቤት ከተሳቀበት፣ ልጁ ሁለት ዓለም ይዞ በሁለቱም ዝም ማለትን ይለምዳል።

2. የሕመምን «ማን አመጣው?» እና «ምን አመጣው?» የሚሉ ጥያቄዎች ለይቶ ማስተማር። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰውን ኀዘን፣ ጠብና ግዴታ ይመለከታል። ሁለተኛው በማይክሮስኮፕ፣ በደም ምርመራና በመድኃኒት ይመለሳል። የዛር እምነት ስሕተት ሁለተኛውን ጥያቄ በመጀመሪያው መልስ ለመመለስ መሞከሩ ነው።

3. በክፍል ውስጥ ራሱን የሚስት ልጅ ሲያጋጥም ከቤተሰቡ ጋር በትሕትና መነጋገር። አያቲቱን «የሚያምኑበትን ይተዉ» ከማለት ይልቅ «ልጅቱ አስቀድማ ትመርመር፤ የቡናውም ጊዜ ይደርሳል» ማለት የበለጠ ሊሠራ ይችላል።

4. ሴት ተማሪዎችና እናቶች ችግራቸውን በራሳቸው ስም የሚናገሩበትን መድረክ በወላጆች ስብሰባና በትምህርት ቤት ክበባት ማዘጋጀት።

ማጠቃለያ

ዛር፣ እንደ ሃይቲው ቮዱ ሁሉ፣ ችግር ላይ የወደቁ ሰዎች ማንነታቸውን የመረመሩበት፣ ግዴታቸውን የደነገጉበትና አብረው የተጽናኑበት ሥርዓት ነው። ሰውና የተሰወረው ወገን ወንድማማቾች ናቸው፤ የተበደለ ይደመጥ፤ ቃል ይከበር፤ ታማሚ ብቻውን አይተው የሚሉት አሳቦች በውስጡ ይገኛሉ። ከእነዚህ ጋር ደግሞ የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ የሕመም አተረጓጎምና ለብዝበዛ የተመቸ አሠራር ተቀላቅሎበታል።

የመምህሩ ሥራ ሁለቱን መለየት ነው። በምሳሌያችን ያነሣናት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባታል። ይህ እንዲሆን አያቷ ምክሩን ሊቀበሉት ያስፈልጋል። እንዲቀበሉት ደግሞ፣ የሚመክራቸው ሰው እሳቸው ሲያምኑበት የኖሩትን ነገር ቁም ነገር አድርጎ የሚያውቅና የሚያከብራቸው መሆኑን አስቀድመው ሊያዩ ይገባል።